የመጨረሻዋ ቁጥር፦ የዳታቤዝ አፕዴት ለምን ዴቨሎፐሩንም አድሚኑንም ያስጨንቃል

ዳታቤዝ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው አፕዴት ወጣ ሲባል መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። 8.0.37 የነበረው 8.0.38 ከሆነ የተቀየረችው የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነች፣ ስለዚህ ባግ ተጠግኗል፣ የደህንነት ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው ብሎ ያስባል፣ ማታ ተጠቃሚ ሲቀንስ ይጭነዋል፣ ከዛ ይተኛል። ለብዙ ዓመት የተሰራበት ያልተጻፈ ውል ይሄ ነበር። አሁን ይሄ ውል ተሸርሽሯል፣ እና ብዙ ሰው "አፕዴት በዛብን" ሲል በኔ እይታ ዋናው ችግሩ ብዛቱ አይደለም፣ ያቺ የመጨረሻ ቁጥር ውስጥ ምን ተጭኖ እንደመጣ ማወቅ ስለከበደው ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ማይኤስኪውኤል ላይ ነው፣ ብዙ ዌብሳይት የሚጠቀምበት የኦራክል ኩባንያ ዳታቤዝ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 5.7 በኦክቶበር 2015 ወጣ፣ 8.0 ደሞ በአፕሪል 2018። ከ8.0 ጀምሮ ኦራክል አሰራሩን ቀየረ፣ ትልቅ ቨርዥን እስኪደርስ መጠበቅ ቀረና በየሦስት ወሩ በሚወጣው ትንሽ አፕዴት ውስጥ አዳዲስ ፊቸር አብሮ መላክ ጀመረ። 8.0.18 ላይ ሃሽ ጆይን (ቴብሎችን ቶሎ የሚያገናኝ ዘዴ) መጣ፣ 8.0.31 ላይ የሁለት ክዌሪ ውጤት የሚያወዳድሩት ኢንተርሴክትና ኤክሴፕት ተጨመሩ፣ ለዴቨሎፐር ደስ የሚል ነገር ነው። ግን 8.0.16 ላይ የመጣውን ቼክ ኮንስትሬይንት፣ ማለትም ቴብል ውስጥ የሚገባውን ዳታ የሚገድበውን ህግ፣ ብቻ እንይ። ከዛ በፊት ቴብል ስትፈጥሩ "ዋጋ ከዜሮ መብለጥ አለበት" ብላችሁ ቼክ ብትጽፉ ማይኤስኪውኤል ያለምንም ኤረር ይቀበላችኋል፣ ከዛ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ህጉ የትም አልተመዘገበም። 8.0.16 ላይ ያው ስክሪፕት አዲስ ሰርቨር ላይ ሲሮጥ ህጉ እውነተኛ ህግ ይሆናል፣ ዜሮ ዋጋ ይዞ የመጣ ኢንሰርት ይመለሳል። 8.0.15 እና 8.0.16 ላይ አንድ ዓይነት ኮድ ሁለት የተለያየ ነገር ሰራ ማለት ነው፣ የተቀየረችው ግን የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነች።

ከዚህ የባሰው በአፕሪል 2022 የወጣው 8.0.29 ነው። እዛ ላይ ኮለም በፈለጉት ቦታ በቅጽበት መጨመርና መሰረዝ ይቻላል ተባለ፣ ማለትም መቶ ሚሊዮን ሮው ያለው ቴብል ላይ አንድ ኮለም ለመጨመር ቴብሉን በሙሉ እንደገና መጻፍ ቀረ፣ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ያለውን ሳይነካ "ከዚህ በኋላ የሚገቡት ሮዎች እንዲህ ናቸው" ብሎ ይመዘግባል፣ አንድ ቴብል እስከ 64 የሮው ቨርዥን ይሸከማል። ሃሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ግን ዳታ የሚያበላሹ ባጎች ይዞ መጣ፣ የፐርኮና ኩባንያው የባካፕ መስሪያ ኤክስትራባካፕ እንዲህ ዓይነት ቴብል ካገኘ ባካፑን አቁሞ ኤረር እንዲሰጥ ተደረገ፣ ኦራክልም 8.0.29ን ከዳውንሎድ አነሳው። እስቲ አስቡት፣ የደህንነት ጥገና ነው ብሎ የጫነው አድሚን ፊቸሩን ጠይቆ አያውቅም፣ ስለ መኖሩም ላይሰማ ይችላል። ዴቨሎፐሩ ደሞ አንድ ተራ አልተር ቴብል (ቴብል የሚቀይር ትዕዛዝ) ማይግሬሽን ውስጥ፣ ማለትም ከኮዱ ጋር በሚሄደው የዳታቤዝ ለውጥ ስክሪፕት ውስጥ፣ አስገብቶ ይልካል፣ ሰርቨሩ ራሱ በዲፎልት አዲሱን ፈጣን መንገድ ይመርጣል፣ ሌሊት ላይ ባካፑ ይከሽፋል። ሁለቱም ስራቸውን በትክክል ሰርተዋል፣ ግን ጠዋት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ነው የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ሰዎች የማይግባቡበት ዋና ምክንያት አለ። ዴቨሎፐር የለቀቀው ኮድ ከተበላሸ የድሮውን ኮድ ይመልሳል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በ8.0 ዘመን ዳታቤዝ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ወደታች መውረድ አይደገፍም ነበር፣ ከ8.0 ወደ 5.7 ይቅርና ከ8.0.29 ወደ 8.0.28 እንኳን። መመሪያው የሚለው "ከአፕግሬዱ በፊት የወሰዳችሁትን ባካፕ ሪስቶር አድርጉ" ነው። እሺ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አፕዴት ተደርጎ ችግሩ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢታይ በመሃል የገባው ትዕዛዝ፣ ክፍያ፣ ምዝገባ የት ይሄዳል? ባይነሪ ሎጉ (ሰርቨሩ እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግብበት ፋይል) ካለ መልሶ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ስልክ እየጠራ፣ አለቃ ከኋላ ቆሞ፣ ከዚህ በፊት ሳይለማመዱት ይሄን መስራት በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ አድሚኑ "ትንሽ እንቆይ" ሲል ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ዴቨሎፐሩም "ለምን አናደርገውም" ሲል ግድየለሽ ሆኖ አይደለም፣ ስህተት የሚያስከፍላቸው ዋጋ ስለሚለያይ ነው።

ከዛ ደሞ ጁላይ 2024 መጣ። 8.0.38፣ 8.4.1 እና 9.0.0 በአንድ ጊዜ ወጡ፣ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ባግ ነበር፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋና ከዛ በላይ ቴብል ያለው ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ ክራሽ ያደርጋል፣ አይነሳም። 10 ሺህ ቴብል የማይደረስ ቁጥር ይመስላል፣ ግን ዎርድፕሬስ በመልቲሳይት ሲሰራ ለእያንዳንዱ ሳይት 10 ገደማ ቴብል ይፈጥራል፣ ሺህ ሳይት ያለው ሆስቲንግ እዛ ደረሰ ማለት ነው። ይሄ ባግ ክፉ የሚያደርገው ሰርቨሩ እየሰራ እያለ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው፣ ዛሬ ያለችግር ሲሰራ የዋለ ሰርቨር ከሳምንት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በቃ አይነሳም። በዛው ወር 8.0.39፣ 8.4.2 እና 9.0.1 ወጥተው ተስተካከለ፣ ችግር ያለባቸውም ከዳውንሎድ ተነሱ። በተለይ ልብ በሉ፣ 8.0 ከ2023 ጀምሮ ጥገና ብቻ ነው የሚቀበለው ተብሎ ነበር፣ ጥገና ብቻ በሚባለው መስመር ላይ ነው ይሄ የሆነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሁለት ጊዜ የደረሰበት አድሚን ምን ያደርጋል? አፕዴት ማድረግ ያቆማል። ትልቁ ጉዳት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አንድ መጥፎ ፓች የሚያመጣው ጉዳት የአንድ ቀን ነው፣ ፓች ላይ እምነት ማጣት ግን ዓመታት ይቆያል፣ "የሚሰራን ነገር አትንካ" የሚል ባህል ቢሮ ውስጥ ይገባና አዲስ የሚቀጠረውም ልጅ ይማረዋል።

አለመንካት የሚያመጣውን ደሞ ታሪክ አሳይቶናል። ጃንዋሪ 25፣ 2003 ኤስኪውኤል ስላመር የሚባለው ዎርም (ራሱን በራሱ የሚያሰራጭ ቫይረስ) የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ላይ ተነሳ፣ ጠቅላላ መጠኑ 376 ባይት ነበር፣ በአንዲት የዩዲፒ ፓኬት ይላካል፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ሊጠቁ ከሚችሉት ሰርቨሮች አብዛኛዎቹን አዳረሰ፣ ቢያንስ 75 ሺህ ማሽን። አሜሪካ ውስጥ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ኤቲኤሞች አብዛኛዎቹ ቆመው ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ፓች ያወጣው በጁላይ 2002 ነው፣ ስድስት ወር ቀድሞ። በ2012 ደሞ ማይኤስኪውኤልና ከሱ የተቀዳው ማሪያዲቢ ላይ ሲቪኢ-2012-2122 የሚል መለያ የተሰጠው ቀዳዳ ተገኘ፣ አንዳንድ ሲስተሞች ላይ የተገነባው ሰርቨር ፓስወርድ ሲያወዳድር በሚሰራው ስህተት ምክንያት ከ256 ሙከራ አንዱ በማንኛውም የተሳሳተ ፓስወርድ ያልፋል፣ ዩዘርኔሙን ብቻ ያወቀ ሰው ጥቂት መቶ ጊዜ ቢሞክር ይገባል፣ ያ ደሞ የሰከንዶች ስራ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይፋ ከሆነ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

ኦራክል ራሱ ነገሩን ያየው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በጁላይ 2023 አሰራሩን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ኢኖቬሽን የሚባለው ነው፣ በየሦስት ወሩ ይወጣል፣ አዲስ ፊቸር የሚገባው እዛ ነው፣ 8.1 ብሎ ጀምሮ ወደ 9 ቁጥሮች ያለፈው። ሌላው የረጅም ጊዜ ሰፖርት ያለው መስመር ነው፣ የመጀመሪያው 8.4 በአፕሪል 2024 ወጣ፣ እሱ ውስጥ ጥገና ብቻ ነው የሚገባው፣ በዛው መስመር ውስጥ ወደታች መውረድም ይፈቀዳል፣ ሰፖርቱ አምስት ዓመት መደበኛ ሦስት ዓመት ደሞ ተጨማሪ ነው። ለፕሮዳክሽን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ቁጥሩ ስለሚበልጥ ብቻ ኢኖቬሽኑን የሚጭን ሰው ግን አሁንም አለ፣ ኢኖቬሽን ቨርዥን ቀጣዩ እንደወጣ ጥገና የማይደርሰው ስለሆነ በየሦስት ወሩ መከተል የማይችል ቲም ባይገባበት ይሻላል።

ሌላው ታዋቂ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ከመጀመሪያው ይሄን ለይቶ ነው የሄደው። ትልቁ ቨርዥን በዓመት አንዴ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ (17 የወጣው ሴፕቴምበር 26፣ 2024 ነው፣ ለኛ የደመራ ቀን፣ ማንም ያን ቀን ፕሮዳክሽን እንደማይነካ ተስፋ አለኝ)፣ ጥገናው ደሞ በፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር በሁለተኛው ሐሙስ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ትልቅ ቨርዥን አምስት ዓመት ይደገፋል። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ እቅድ ማውጣት ይቻላል። ትናንሾቹ ውስጥ አዲስ ፊቸር አይገባም፣ ሰርቨሩን አቁሞ ፋይሉን ቀይሮ ማስነሳት ነው።

እንደዛም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከችግር ነጻ አይደለም። ኖቬምበር 14፣ 2024 የወጣው 17.1 ውስጥ አንድ የውስጥ ስትራክቸር ላይ አንዲት ፊልድ ተጨመረች፣ መጠኑ ተቀየረ፣ ለድሮው የተገነቡ ኤክስቴንሽኖች (ሰርቨሩ ላይ የሚጨመሩ ተቀጽላ ሶፍትዌሮች) እንደ ታይምስኬልዲቢ ያሉት ከአዲሱ ሰርቨር ጋር አልጣጣም አሉ፣ በዛው አፕዴት የደህንነት ጥገናው አልተር ሮል (የዩዘር ሴቲንግ የሚቀይር ትዕዛዝ) ላይ ሌላ ነገር አበላሸ፣ በሳምንቱ ኖቬምበር 21 ላይ ያለፕሮግራሙ 17.2 ወጣ። ፌብሩዋሪ 2025 ላይም ተደገመ፣ 17.3 በ13 ወጣ፣ 17.4 በ20። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፣ በሳምንት ውስጥ ተናግረው አስተካከሉ፣ መጀመሪያም የነካው የተወሰኑ ሰዎችን ነው፣ ወደ 17.0 መመለስም ይቻል ነበር። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የፖስትግሬስን ትንሽ አፕዴት ሳይፈራ የሚጭነው።

ወደ ዴቨሎፐሩ ስንመጣ ኤረር የሚሰጥ ለውጥ ቀላሉ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ራንክ እና ግሩፕስ የተከለከሉ ቃላት (ዳታቤዙ ለራሱ ትዕዛዝ የያዛቸው) ሆኑ፣ ራንክ የሚል ኮለም ያለው ሰው ክዌሪው ወዲያው ይወድቃል፣ ያያል፣ ያስተካክላል። አስቸጋሪው ዝም ብሎ የሚቀየረው ነው። እስከ 5.7 ድረስ ግሩፕ ባይ (ሮዎችን በአንድ ኮለም የሚያሰባስብ ትዕዛዝ) ያለው ክዌሪ ውጤቱን በዛው ኮለም ደርድሮ ይመልስ ነበር፣ 8.0 ላይ ይሄ ቀረ፣ ደርድር የሚለው ኦርደር ባይ ካልተጻፈ ቅደም ተከተሉ ዋስትና የለውም። አሁን የሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣ ኮድ አስቡ፣ ያለፈውን ወር በቅርንጫፍ ግሩፕ አድርጎ ያመጣል፣ የዚህን ወር እንደዛው ያመጣል፣ ሁለቱ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል አላቸው ብሎ አስቦ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። 5.7 ላይ ለዓመታት ትክክል ነበር። 8.0 ላይ የፒያሳ ቅርንጫፍ ያለፈ ወር ከቦሌ የዚህ ወር ጋር ይቀመጣል፣ ምንም ኤረር የለም፣ ሎግ ላይ ምንም የለም፣ ፔጁ ቆንጆ ሆኖ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ብቻ ውሸት ነው። ይሄን የሚያገኘው ቴስት አይደለም፣ የሂሳብ ሰራተኛዋ ነች፣ ያውም ከወር በኋላ።

ሌላው ሎጊን ነው። 8.0 ሲወጣ የፓስወርድ ማረጋገጫው ዲፎልት ተቀየረ፣ የድሮ የፒኤችፒና የኖድ ድራይቨሮች (ኮዱን ከዳታቤዙ የሚያገናኙት) መግባት አቃታቸው፣ ኢንተርኔት ላይ የተሰራጨው መፍትሄ "ዩዘሩን ወደ ድሮው ኔቲቭ ፓስወርድ መልሱት" የሚል አንድ መስመር ኮማንድ ነበር፣ ሰው ሁሉ ኮፒ አድርጎ ቀጠለ። ያ ኔቲቭ ፓስወርድ 8.4 ላይ በዲፎልት ተዘጋ፣ 9.0 ላይ ጭራሽ ወጣ። በ2018 ድራይቨሩን ማዘመን የግማሽ ቀን ስራ ነበር፣ በ2024 ግን ያን ኮማንድ ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም። ማሪያዲቢ ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ላፕቶፕ ላይ ማይኤስኪውኤል 8 ያለው ልጅ ዳታቤዙን ኤክስፖርት አድርጎ ሲፓነል ያለው ሆስቲንግ ላይ ሲጭነው "ይሄን ኮሌሽን (ጽሁፍ የሚወዳደርበትና የሚደረደርበት ህግ) አላውቀውም" ይባላል፣ ለምን ቢባል ብዙ ሆስቲንግ ላይ ያለው ማሪያዲቢ ነው፣ የ8.0 ዲፎልት ኮሌሽን እዛ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። እዚህ አገር ዌብ የሚሰራ ልጅ ሁሉ ይሄን ኤረር አንዴ ሳያየው አልቀረም።

ፖስትግሬስም ከዚህ ነጻ አይደለም። 15 ላይ ፐብሊክ ስኪማ (ዳታቤዝ ውስጥ ለሁሉም ክፍት የሆነው የቴብል ማስቀመጫ) ውስጥ ማንም ዩዘር ቴብል መፍጠር ይችል የነበረው ቀረ፣ ትክክለኛ የደህንነት ውሳኔ ነው፣ ግን የሚነካው አዲስ የተፈጠረ ዳታቤዝን ብቻ ነው፣ ከድሮ የተሸጋገረው የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ፕሮዳክሽን ይሰራል፣ አዲሱ የቴስት ሰርቨር ላይ ያው ማይግሬሽን ፈቃድ የለህም ብሎ ይቆማል፣ ሁለቱም 15 ናቸው። ሰርቨሩን በዶከር፣ ማለትም ተዘጋጅቶ በመጣ ኢሜጅ፣ የሚያስነሳ ሰው ደሞ የቨርዥን ቁጥር ሳይጽፍ "ሌተስት" ብሎ ትቶት ከሆነ አንድ ቀን ኢሜጁ ትልቅ ቨርዥን ተሻግሮ የድሮውን ዳታ አላነብም ይለዋል፣ 18 ላይ ጭራሽ ዳታው የሚቀመጥበት ፎልደር ተቀይሯል። ቁጥሩን መጻፍ ነው ያለበት፣ ላፕቶፕ ላይም ፕሮዳክሽን ላይም አንድ ዓይነት።

ለአድሚኑ ትልቁን አፕግሬድ ሲሰራ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ከአፕግሬዱ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በፖስትግሬሱ ማሻሻያ ፒጂ አፕግሬድ ከ13 ወደ 16 የሄደ ሰው ስራው በደቂቃዎች ያልቃል፣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሎጊን ይሰራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዛ ትራፊክ ሲገባ ሲፒዩው መቶ ይደርሳል፣ በ20 ሚሊሰከንድ ይመለስ የነበረ ክዌሪ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ምክንያቱ ፕላነሩ (ክዌሪው በየትኛው መንገድ እንደሚሰራ የሚወስነው ክፍል) የሚጠቀምበት ስታቲስቲክስ አብሮ አይሻገርም፣ ሰርቨሩ ቴብሉ ውስጥ ያለው ዳታ ምን እንደሚመስል ስለማያውቅ ኢንዴክስ እያለ ሙሉ ቴብሉን ያነባል። ስታቲስቲክሱን እንደገና የሚሰበስበውን አናላይዝ ማሮጥ ብቻ ነው መፍትሄው፣ ግን ይሄን ያላወቀ ሰው "አዲሱ ቨርዥን ቀርፋፋ ነው" ብሎ ወደ ባካፑ ይመለሳል። 18 ላይ ስታቲስቲክሱ አብሮ እንዲሻገር ተደረገ፣ ለኔ ከ18 ሁሉ የበለጠው ነገር እሱ ነው፣ ምክንያቱም ስንት አድሚን ሌሊት ላይ ያለጥፋቱ ተሰድቧል።

ገንዘቡም አለ። ዳታቤዝ በሚያከራየው አማዞን አርዲኤስ ላይ ማይኤስኪውኤል 5.7 መደበኛ ሰፖርቱ በፌብሩዋሪ 2024 አበቃ፣ ከዛ በኋላ ያላሻሻለ ሰው ተጨማሪ ሰፖርት ተብሎ ይከፍላል፣ በቨርጂኒያ ሪጅን ለአንድ ቪሲፒዩ (የተከራዩት ሲፒዩ) በሰዓት 10 ሳንቲም ዶላር፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ እጥፍ። ሁለት ቪሲፒዩ ያላት ትንሽ ሰርቨር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በወር ወደ 146 ዶላር ተጨማሪ ትበላለች ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከራሷ ኪራይ በላይ። አዲስ አበባ ላለ ትንሽ ስታርትአፕ ከጁላይ 2024 ወዲህ በብር ያለውን ልዩነት መናገር አያስፈልግም። አፕሊኬሽኑ የሚሰራበት ፍሬምወርክም ከሌላ ጎን ይገፋል፣ ለምሳሌ ጃንጎ 4.2 ማይኤስኪውኤል 5.7ን መደገፍ አቆመ፣ 5.1 ደሞ ፖስትግሬስ 12ን፣ ስለዚህ ዳታቤዙን ያልነካ ሰው ከጊዜ በኋላ አፕሊኬሽኑንም መንካት አይችልም።

ይሄ ሁሉ አምስት ዲቢኤ (የዳታቤዝ አድሚን) ላለው ትልቅ ባንክ አንድ ነገር ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ቦታ ዴቨሎፐሩም አድሚኑም አንድ ልጅ ነው፣ ፕሪንተርም የሚያስተካክለው እሱ ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው "ሁሉንም አፕዴት ወዲያው ጫን" ማለትም "አትንካ" ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚቻለው ሁለቱን ዓይነት ስራ መለየት ነው። ትንሹ ጥገና ሲወጣ ሪሊዝ ኖቱን ማንበብ፣ ከውጭ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ካለ በዛው ቀን፣ ከሌለ ደሞ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጫን፣ 17.1ም 8.0.38ም በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው ችግራቸው የታወቀው። ትልቁን ደሞ በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ፣ ራሱን እንደቻለ ፕሮጀክት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ማኔጅመንቱም አውቆት። ባካፕ ሪስቶር ሆኖ ካልታየ ባካፕ እንዳለ አይቆጠርም፣ የፕሮዳክሽኑን ባካፕ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጎ እዛው ላይ አፕግሬዱን መሞከር ሁለት ስራ በአንዴ ይሰራል።

አሁን ማይኤስኪውኤል 5.7 ላይ ያላችሁ በተለይ፣ 5.7 ኦክቶበር 2023 ላይ በ5.7.44 አብቅቷል፣ የ8.0 ቀነ ገደብም አፕሪል 2026 ነው፣ ስለዚህ መድረሻችሁ 8.4 መሆን አለበት። በቀጥታ ግን መዝለል አይቻልም፣ መጀመሪያ ወደ 8.0 ከዛ ወደ 8.4 ነው። ሰርቨሩን ከመንካታችሁ በፊት የማይኤስኪውኤል ሼልን አፕግሬድ ቸከር አሮጡት፣ የተከለከሉ ቃላቱንና የድሮ ፓስወርድ ያላቸውን ዩዘሮች አውጥቶ ይሰጣችኋል። ግሩፕ ባዩን ግን እሱ አይነግራችሁም፣ ኮዳችሁ ውስጥ ግሩፕ ባይ ያለበትንና ኦርደር ባይ የሌለበትን ፈልጋችሁ አንድ በአንድ በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ፣ ሪፖርት ከሚያወጡት ጀምሩ።